ጣና ዳር ጀንበር ስትጠልቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስልክ ላይ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ያላየ የለም። ፎር ዊል መኪና በደሴት ዳር አሸዋ ላይ ይከንፋል፤ ከኋላው ጀንበር ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለበዓል ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ይህንኑ ጣና ላይ ሊደግመው ያምረዋል። መኪናው ግን ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል። ሲቀናው በሰው ግፊት ይወጣል፤ ካልቀናው ትራክተር ይፈለጋል። ጥፋቱ የመኪናው አይደለም።

«ፎር ዊል ከሆነ የትኛውም ዳርቻ ላይ ይሄዳል»

ለእንዲህ ያለው መንዳት ስመ ጥር ከሆኑት ቦታዎች አንዱ የአውስትራሊያው ጋሪ ደሴት ነው፤ ቀድሞ ፍሬዘር ይባል ነበር። በዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት ነው። እዚያም ቢሆን ዘው ተብሎ አይገባም። የመኪና ፈቃድ ይከፈላል። ጎማውን ያስተነፍሱታል፤ አስፋልት ላይ 30 ፒኤስአይ እና ከዚያ በላይ የነበረው ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የላላ ጎማ አሸዋው ላይ ሰፍቶ ስለሚያርፍ ቶሎ አይሰምጥም። ባሕሩ በየቀኑ ስለሚሞላና ስለሚሸሽ ሰዓቱም ይጠበቃል። ሙላቱ ጫፍ ላይ ከመድረሱ 2 ሰዓት በፊት ጀምሮ 2 ሰዓት እስኪያልፈው ድረስ እንዳይነዳ ይመከራል። መንገዱ ራሱ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው እርጥብ፣ ጠንካራ አሸዋ ነው።

ጣና ዳር በአብዛኛው ያለው ዋልካ፣ ጥቁር ድንጋይና ደንገል ነው። ዋልካ ላይ ጎማ ማስተንፈስ ብዙም አያድንም። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር እዚያው ናችሁ።

«ከደረቀ ይነዳበታል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጣና እንደ ባሕር በየቀኑ ሲሞላና ሲሸሽ አይታይም። በዓመት ውስጥ ግን ከፍታው ወደ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይለዋወጣል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረም አካባቢ ይሞላል። ከዚያ እየቀነሰ እስከ ሰኔ ይወርዳል። ስለዚህ በሚያዝያ ትናንት ውሃ የነበረበት ሜዳ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በእግር ቢሄዱበት ምንም አይል። ሁለት ቶን መኪና ሲያርፍበት ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥር ያለው ረግረግ ይውጠዋል።

ደንገሉን ጨፍልቆ ማለፍም ቀላል ነገር አይደለም። ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባውም እንዲህ ባለው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ ነው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰው የሚኖርበት አካባቢ ሆኖ ተመዝግቧል። መኪናውን ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ የሚያጥብ ሰው ሳይ ግን ይህን የሰማው ስንቱ ይሆን እላለሁ።

«ዘጌ ደሴት ነው»

አይደለም፤ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በመኪና ይደረሳል። ክብራን፣ ደቅና ዳጋ ግን ደሴቶች ናቸው። ድልድይ የላቸውም፤ በጀልባ ብቻ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

«ባሕር ዳር ላይ ጀንበር ሁሌ ውሃው ላይ ትጠልቃለች»

ካርታ ክፈቱ። ከተማው ያለው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ሐይቁ የተዘረጋው ወደ ሰሜን ነው፤ ጀንበር ደግሞ በሰሜን አትገባም። በታኅሣሥ ከቀጥታው ምዕራብ 24 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ለገና በዓል ብላችሁ ከመጣችሁ፣ ከከተማው ዳርቻ የምታዩት የብስ ላይ ስትገባ ነው። በሰኔ በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ትሄድና ወደ ውሃው ትጠጋለች፤ ያኔ ደግሞ የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። እኔን ብትጠይቁኝ የሚያዝያ መጨረሻና የግንቦት መጀመሪያ ይሻላል።

ሰፊ ውሃ ላይ ስትጠልቅ ማየት የፈለገ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ጎንደር ወገን መሻገር አለበት፤ እዚያ ውሃው በምዕራብ በኩል ይሆናል። እኛ ጎጃሞች ይህን ማመን ደስ አይለንም። ግን የጋሪ ደሴት ረጅሙ የመኪና ዳርቻም ባሕሩ ያለው በስተምሥራቁ ነው። እዚያ ባሕሩ ላይ የምትታየው ጀንበር ስትወጣ እንጂ ስትጠልቅ አይደለም። የባሕር ላይ መጥለቂያና የአሸዋ ላይ መንዳት አንድ ላይ የሚገኙት ባሕሩ በምዕራብ በኩል በሆነባቸው ዳርቻዎች ነው፤ ለምሳሌ መኪና በሚፈቀድበት በዴንማርኩ ሮሞ ደሴት።

መኪናው የግድ ይኑር ካላችሁ ቤዛዊት ኮረብታ አለላችሁ። መንገዱ እስከ ላይ ያወጣችኋል፤ ከተማውም አባይም ሐይቁም ከፊታችሁ ናቸው። በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የአባይ ድልድይ በእግር መሻገርም አይከፋም።

«12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች አለቀ»

በኅዳር አዎ፣ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትገባለች። በሰኔ መጨረሻ ግን 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከገባች በኋላ ደግሞ ወዲያው ተነሥታችሁ አትሂዱ። ሰማዩ ላይ ስስ ደመና ካለ፣ ብርሃኑ ከሥር እየመታው ይበልጥ የሚቀላው ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ነው። ብዙ ሰው ይሄኔ ባጃጅ ፍለጋ ላይ ነው።

«ጉማሬ ከውሃ አይወጣም»

ይወጣል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ነው የሚወጣው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። በእሱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው፤ ሲደነግጥ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ ሩጫው ደግሞ ከሰው ይበልጣል። ስለዚህ እነዚያን 15 ደቂቃዎች ደንገሉ ጥግ ሳይሆን ሰው በሚበዛበት፣ መብራት ባለበት ቦታ አሳልፏቸው።

«ሐይቅ ነው፤ ማዕበል የለውም»

ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል። ጀንበር ለማየት በጀልባ የምትወጡ ከሆነ ከባለ ጀልባው ጋር በዋጋ ብቻ አትስማሙ። የምትመለሱበትንም ሰዓት ቁረጡ፤ ላይፍ ጃኬቱንም ከመነሣታችሁ በፊት ልበሱት።