የርጭት መስመር ምንድን ነው? የተረጨውን ካልተረጨው የመለየት ዘዴ

የርጭት መስመር ማለት መርጫው በአንድ ጉዞ ኬሚካል የሚያዳርሰው፣ ወርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ የማሳ ክፍል ነው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ የተጫነ መርጫ ስድስት ኖዝል (ፈሳሹ የሚረጭበት አፍ) ካለውና ኖዝሎቹ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ መስመሩ 3 ሜትር ይሰፋል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ፣ አንድ ኖዝል ይዞ፣ 1 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ማሳው የእነዚህ መስመሮች ድምር ነው። «የቱ ጋ ረጭቻለሁ?» ብሎ ግራ የሚጋባ ሰው የጠፋበት የመስመሩ ጠርዝ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ይህን ጠርዝ በዓይን መያዝ ያስቸግራል። ደረቁ አየርና ሙቀቱ ጠብታውን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያደርቁት ዳር ደርሰው ሲመለሱ የረጩት ቅጠልና ያልረጩት ቅጠል አንድ ይመስላሉ። ሐረርና ሐረማያ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማለዳ ጤዛ ስላለ ሁሉም ቅጠል እርጥብ ነው። በሁለቱም ቦታ እርጥበትን አምኖ መርጨት ያሳስታል። ስለዚህ መስመሩ መርጫው ከመነሳቱ በፊት መሬት ላይ መታወቅ አለበት።

የተዘለለ መስመር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ፓርቲኒየም ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች ድሬዳዋና ሐረርጌ ይገኙበታል፤ የአካባቢው ገበሬ ፋራምሲሳ ይለዋል። አንድ ተክል ብቻውን ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ግማሽ ሜትር ስፋት ያላት የተረሳች መስመር እንግዲህ ለሚቀጥለው ክረምት ማሳውን በሙሉ መልሳ ትዘራዋለች። ሁለት ጊዜ የተረጨ መስመርም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ማሽላ ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለው አረም ገዳይ ሲደራረብ አገዳው ተሰባሪ ይሆንና ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል።

ሥራው የሚጀምረው በችካል ነው። በማሳው ሁለት ተቃራኒ ዳርቻዎች፣ ትይዩ እየሆኑ፣ በየ3 ሜትሩ ችካል ይተክላሉ። የመጀመሪያው ችካል ግን ከጠርዙ 1 ሜትር ተኩል ላይ ይሁን፤ ሞተሩ የሚጓዘው በመስመሩ መሃል እንጂ በጠርዙ አይደለምና። ችካሉ ጫፍ ላይ ከነጭ ማዳበሪያ የተቀደደ ቁራጭ ያስራሉ፤ ከ100 ሜትር ርቀት ደህና ይታያል። ነጂው ፊት ለፊቱ ያለውን ነጭ ምልክት ብቻ እያየ ይነዳል። ጎማውን ወይም ኖዝሉን ለማየት ወደ ኋላ በዞረ ቁጥር መሪው አብሮት ይዞራል፤ የተጣመመ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ መስመር ሲያልቅ ረዳቱ ያለፈበትን ችካል ይነቅላል። የተነቀለው ተረጭቷል፣ የቆመው አልተረጨም። ማንም ሰው ሥራውን መሃል ላይ ቢረከብ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

ከመስመሮቹ በፊት ግን ሞተሩ የሚዞርባቸው ሁለቱ ዳርቻዎች፣ ለመዞሪያ የሚበቃ ስፋት ተይዞላቸው፣ በቅድሚያ ይረጫሉ። ከዚያ በኋላ ረጃጅሞቹን መስመሮች ሲሠሩ ዳርቻው ጋ ሲደርሱ ኖዝሉን ይዘጋሉ፣ ዞረው ሲወጡ ይከፍታሉ። ኖዝሉ ክፍት ሆኖ መዞር በውስጠኛው በኩል አፈሩን ያርሰዋል፣ በውጪው በኩል ደግሞ አረሙን በስሱ ብቻ ይነካዋል። አካሄዱ ነፋሱን አቋርጦ ይሁን። ነፋሱ ወደሚሄድበት ጫፍ ጀምረው ወደሚመጣበት እያፈገፈጉ ከረጩ የራስዎ ጉም ውስጥ አይገቡም።

ችካሉ የት እንደረጩ ይነግርዎታል፤ ታንከሩ ደግሞ ልክ መርጨትዎን ያረጋግጣል። ይህ ሁለተኛው ምስክር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ እኛ ግን ከሁሉም በላይ የምናምነው እሱን ነው። የአንድ ኖዝል ፈሳሽ ለአንድ ደቂቃ አንገቱ በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀብለው ይለኩ፤ ፕላስቲኩ መቆረጥ ያለበት በኋላ ማንም ውሃ እንዳይጠጣበት ነው። 0.6 ሊትር ወጣ እንበል። ስድስቱ ኖዝሎች በደቂቃ 3.6 ሊትር ይሰጣሉ። ሞተሩ 100 ሜትርን በ60 ሰከንድ የሚሄድ ከሆነ፣ ማለትም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ባለ 100 ሜትር መስመር 3.6 ሊትር ይጠጣል፤ ለሄክታር 120 ሊትር መሆኑ ነው። 60 ሊትር ታንከር ታዲያ 16 መስመር ጨርሶ በ17ኛው ሁለት ሦስተኛ ላይ ማለቅ አለበት። በ14ኛው ካለቀ ቀርፋፋ ነድተዋል ወይም የኖዝሎቹ ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቷል። 19ኛው ላይ ገና ካልጨረሰ አንድ ኖዝል ተደፍኗል ወይም ፍጥነት አብዝተዋል። ያለቀበትን ቦታ ወዲያው ችካል ይተክሉበት፤ ሞልተው ሲመለሱ «እዚህ አካባቢ ነበር» የሚባል ነገር አይሠራም።

የጀርባ መርጫ ላይ ስሌቱ ያው ነው። በሐረርጌ አንድ ጥማድ ብዙ ጊዜ የሄክታር አንድ ስምንተኛ፣ 1,250 ካሬ ሜትር ተደርጎ ይቆጠራል። ለሄክታር 200 ሊትር የሚረጭ ሰው ለጥማዱ 25 ሊትር ያስፈልገዋል። ማሳው 25 በ50 ሜትር ከሆነ 25 መስመር አለው፤ ባለ 16 ሊትር መርጫ በትክክል 16ኛው ላይ ያልቃል። በድንጋይ እርከን የተከፋፈለ ማሳ ላይ እርከኑ ራሱ ድንበር ስለሚሆን መስመሩን ለማሳየት ሲባጎ መወጠር የሚያስፈልገው ሰፋፊው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ቦታና ጊዜ ይመርጣሉ። ከቡሙ (ኖዝሎቹ ከተደረደሩበት አግዳሚ ዘንግ) ጫፍ የሚንጠባጠብ የአረፋ ምልክት በቀዝቃዛ አገር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ግን ቶሎ ይከስማል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የከተማው ውሃም አረፋውን ያሳንሰዋል። ያው ውሃ ግላይፎሴት የተባለውን አረም ገዳይም ያደክማል፤ ካልሲየሙ ይይዘዋልና። ሰማያዊ ማቅለሚያ ከኬሚካሉ ጋር ተቀላቅሎ ሲረጭ ጥሩ ይታያል፣ ለመንገድ ዳርና ለባዶ መሬት እንመክረዋለን፣ የሚበላ ቅጠል አጠገብ ግን አይሆንም። በባዶ አቧራማ መሬት ከቡሙ ጫፍ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ቀጭን መስመር እየጫረ ይሄዳል፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ስልክ ላይ የሚሣል የጂፒኤስ መስመር ብዙዎችን ያታልላል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖም እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። የእርስዎ መስመር ደግሞ ጠቅላላው 3 ሜትር ነው። ካርታው ላይ ሙሉ የተቀባ ማሳ መሬት ላይ ሙሉ መስመር የተዘለለበት ሊሆን ይችላል። ስልኩን የማሳውን ወሰን ለመያዝና ተበታትኖ የበቀለ ፓርቲኒየም የት የት እንዳለ ለመመዝገብ ይጠቀሙበት።

አረሙ መጠውለግ ሲጀምር፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ማሳው ራሱ ስህተቱን ያሳያል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው አረንጓዴ ሆነው የቀሩትን ሰንበሮች ይዩ። በእያንዳንዱ መስመር መገናኛ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ካለ ችካሉ ተራርቆ ተተክሏል። 1 ሜትር ያህል የሚሰፋ አረንጓዴ በየ6 ሜትሩ ከታየ የአንዱ ጫፍ ኖዝል ተደፍኗል፤ ሞተሩ ሄዶ ሲመለስ የተደፈነው ጫፍ ከራሱ ጋር ጎን ለጎን ስለሚገናኝ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። የሞተሩን ጎማ ተከትለው የሚሄዱ ሁለት ትይዩ ሰንበሮች ከሆኑ ደግሞ ጥፋቱ የአቧራው ነው፤ ጎማው ያነሳው አቧራ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ግላይፎሴትን ያመክነዋል። ዝግ ብሎ መንዳት፣ ቡሙም ከኋላ ከሆነ ከጎማው ጀርባ ያሉትን ኖዝሎች ከፍ ወዳለ መጠን መቀየር ይረዳል።

ጫት አጠገብ ሲሆን ምልክቱ ከሥራው በኋላም መቆም አለበት። ጫት ማለዳ ተቀጥፎ በዚያው ቀን አወዳይ ይደርሳል፣ ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ ይቃማል። ቀጣፊው ትናንት የትኛው ረድፍ እንደተረጨ ካላወቀ የሚያውቅለት የለም። በተረጨው ረድፍ ሁለት ጫፍ፣ ጉሙ ሊደርስባቸው በሚችሉት ሁለት ሦስት ረድፎችም ጭምር፣ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ፤ ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ ሳይል ሁሉም ያውቀዋል። ጨርቁ የሚነሳው በኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሲያልቅ ነው። ደብተር ላይ ቀኑን፣ የኬሚካሉን ስም፣ የታንከር ቁጥሩንና ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ችካል እንደረጩ ይጻፉ።

በመጨረሻ ታንከሩን ያጠቡበት ውሃ ይቀራል። ቦይ ውስጥ ወይም ውሃ መቅጃው ዳር አይደፋም። ለዚህ ሲባል የመጨረሻዋ መስመር ሳትረጭ፣ ችካሏ ሳይነቀል ትቆይ። እጥበቱን እዚያች ላይ ይርጩ፣ ኬሚካሉ ስለቀጠነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱባት፣ ከዚያ ችካሏን ይንቀሉ።