«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፤ የሰው ቡትቶስ ያሳፍራል?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው አባባል ትርጉሙ ላይ ላዩን ነው፤ ብዙ መቆፈር አይፈልግም። ወርቁ ወርቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ያንተ ካልሆነ ግን አንተን አያሳምርህም። ተውሰው ያጠለቁት ሐብል ነገ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ አንገትም ባዶውን ይቀራል። እስከዚያውም ቢሆን «ይሄ የእገሊት አይደለም እንዴ?» የሚል ዓይን አይጠፋም። አባባሉ የሚወጋው ይህንኑ ነው፤ የሌለንን እንዳለን አድርጎ መታየትን።

በአነጋገር ላይ ሲውል ከጌጥ ይሻገራል። የአጎቱን ሀብት እንደ ራሱ እየቆጠረ የሚያወራ ሰው ሲገጥም «ተወው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። የጓደኛውን መኪና ይዞ ጉራ የሚነዛም ከዚህ አያመልጥም። ኩሩ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ ይጠቅሰዋል። ኮት ላውስህ ሲሉት «ይቅርብኝ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ባለኝ እሄዳለሁ» ይላል። በአንዱ አፍ ወቀሳ፣ በሌላው አፍ ኩራት ነው።

አባባሉ እንዴት እንደተሠራ ከራሱ ቅርጽ ይነበባል። በዕለት ንግግራችን «አያደምቅም» እንላለን፤ እዚህ ግን የመጨረሻዋ «ም» የለችም። ብትኖር ቤቱ ይፈርስ ነበር፤ «ወርቅ» እና «አያደምቅ» በ«ቅ» ቤት እንዲመቱ ነው የተጣለችው። ከጽሕፈት በፊት በቃል የኖረ ነገር እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ጆሮ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር ይቆረጣል፣ ይቀረጻል። ወርቅ መመረጡም ያለ ነገር አይደለም። ልብስ የባለቤቱን ገላ ይይዛል፣ ጫማም የባለቤቱን አረማመድ። ወርቅ ግን ከአንገት አንገት ቢዞር አይነትብም፣ አይጠብም፣ አይሰፋም። ለውሰት እንደ እሱ የሚመች ነገር የለም። አባባሉ ከሁሉ የሚከብደውን ምሳሌ አንስቶ እሱም እንኳ አያደምቅ ካለ፣ ሌላው ሌላው የማይጠየቅ ሆነ ማለት ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ አባባሉ ሲገለበጥ ነው። የሰው ወርቅ ካላደመቀ፣ የሰው ቡትቶ ለምን ያሳፍራል?

ሰኞ አዲስ ሥራ የሚጀምር ባል እንውሰድ። (ሚስትም ልትሆን ትችላለች፤ ነገሩ አይለወጥም።) ጠዋት ቁልፉን ይዞ በር ላይ ደርሷል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አብጧል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ታጥቦ ታጥቦ ጫፉ ፀጉር አውጥቷል። ሚስቱ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።

«ይህን ለብሰህ ነው የምትሄደው?»

«ምን ሆነ? ንጹሕ ነው።»

«በናትህ፣ ያቺን ሹራብ እንኳ አውልቃት።»

«ሥራ ልሠራ ነው የምሄደው፣ ልሞሸር አይደለም።»

በሩ ይዘጋል፤ ጭቅጭቁ ግን ሁለቱም ሆድ ውስጥ ሆኖ አብሯቸው ይውላል። እሷ የምትጨነቀው በሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱ ግን አፏ ላይ አንድ ሆነው ነው የሚወጡት። አንደኛው ለእሱ ነው፤ አለቃው ይንቀዋል፣ ባልደረቦቹ ይስቁበታል ብላ። ሁለተኛው ለራሷ ነው። «ይሄ ሰው ሚስት የለውም እንዴ?» ይሉኛል የሚል ይሉኝታ። ያው ሥራ ቦታ ሄዳ የማታውቅ፣ አንድም ሰው በመልክ የማያውቃት ሆና ሳለ! ይሉኝታ አድራሻ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሌላው አባባል ይመጣባታል፤ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል»። ጥንዶች በጠባይም በአኗኗርም ይመሳሰላሉ፣ አንዱን ያየ ሌላውን አየ ለማለት ነው የሚነገረው። በዚህ ከሄድን የእሱ ነታባ ሹራብ የእሷም ነው፤ ሐሜቱም የጋራ ነው። በወርቁ አባባል ከሄድን ግን ልብሱ የለባሹ ነው፣ ክብሩም ውርደቱም እዚያው ይቀራል። ሁለቱ አባባሎች እዚህ በር ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። እኔ ለሥራ ቦታው ጉዳይ ከወርቁ ጋር እቆማለሁ። የቀጠሩት እሱን ነው፤ ባሕሩን አልቀጠሩም። ሁለቱ አብረው በተጠሩበት የመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ «ምን ልልበስ?» የሚለው ጥያቄ የሁለቱም ነው።

እሷ ለእሱ የምትፈራው ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንደሚባለው፣ ልብ የሚፈርደው ደግሞ በጣም ፈጥኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች የማያውቁትን ፊት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ አይተው ስለ ሰውየው ታማኝነትና ችሎታ አስተያየት እንደሚይዙ አሳዩ። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጣቸው ፍርዳቸው ብዙም አልተለወጠም፤ በፍርዳቸው ያላቸው መተማመን ነው የጨመረው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የቶዶሮቭና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ልብስን ጨመረበት። አንድ ዓይነት ፊት አንዴ ሻል ካለ ልብስ ጋር፣ አንዴ ድህነት ከሚያስመስል ልብስ ጋር ለተመልካች ቀረበ። ሻል ያለውን የለበሰው የበለጠ ችሎታ ያለው መስሎ ታየ። ተመልካቾቹ «ልብሱን ከቁም ነገር አትቁጠሩት» ተብለዋል፣ የሰውየው ሥራና ገቢ ተነግሯቸዋል፣ በትክክል ለሚገምት ገንዘብም ቀርቦላቸዋል፤ ዝንባሌው ግን አልጠፋም። የሚያስከፋው ደግሞ በልብሶቹ መካከል የነበረው ልዩነት የሰማይና የምድር አለመሆኑ ነው። ክርኑ የሳሳ ሹራብ ለዚህ ይበቃል።

ስለዚህ «ሰው በልብስ አይለካም» ብሎ በሩን ዘግቶ የሄደው ባል አንገቱን ቀና ባያደርግ ይሻላል። መለካት የለበትም፣ ግን ይለካል።

ያም ሆኖ በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ተመልካቾች ሰውየውን ዳግም አያዩትም። አዲስ ሠራተኛን ግን ባልደረቦቹ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያዩታል። የሥራ ቃለ መጠይቁም አልፏል፤ በልብሱ ሊያስቀሩት የሚችሉት ሰዎች አሳልፈውት ነው የገባው። እየዋለ ሲያድር ሹራቡ ይረሳና በሰዓቱ መግባቱ፣ የጠየቁትን ማድረሱ፣ ያላወቀውን መጠየቁ ይወራል። ለባሹ ራሱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የቶማስ ጊሎቪችና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ትልቅ ፎቶ ያለበት፣ እኩዮቻቸው ፊት የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ግማሽ ያህሉ ቲሸርቱን እንዳስተዋሉ ገመቱ። ያስተዋሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለባሹ ራሱ በእጥፍ ካጋነነ፣ ቤት ቁጭ ብላ በሐሳቧ የምታየው ሚስት ስንት እጥፍ እንደምታጋንን መገመት አያቅትም።

አንዳንዱ ደግሞ «ሀብታሞቹም በቲሸርት ነው የሚውሉት» የሚል መልስ አለው። በከፊል ልክ ነው። ሲልቪያ ቤሌዛና የሃርቫርድ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የሚላን ከተማ ውድ ሱቆች ሻጮች በስፖርት ልብስ የገባችውን ደንበኛ በደንብ ከለበሰችው ይልቅ የመግዛት አቅም ያላት አድርገው ቆጥረዋል። ግን ይህ የሚሠራው ሰውዬው ደንቡን እያወቀ ሆን ብሎ የተወው ሲመስል ነው። ሳያውቅ ወይም ቸግሮት ከመሰለ ጥቅሙ ይቀራል። አዲስ ገቢ ሰው ደንቡን ያውቀው አያውቀው ገና ማንም አልለየም። ዋና ሥራ አስኪያጁ በነታባ ሹራብ ቢመጡ «ልማዳቸው ነው» ይባላል፤ ሰኞ የጀመረው ልጅ በዚያው ሹራብ ቢመጣ «ምን ሆኖ ነው?» ነው።

ዝርክርክ የምንለውም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የቆሸሸ ልብስ ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ይታጠባል። የተጨማደደ በካውያ ይቃናል፣ የጎደለ ቁልፍ ይተከላል። ያረጀ ግን ንጹሕ፣ በልክ የሆነ ልብስ ማንንም አያዋርድም። አዲስ ሆኖ እጅጌው ጣት የሚሸፍን ኮት ከእሱ የባሰ ያሳፍራል። የሥራው ዓይነትም ይወስናል። የደንብ ልብስ ባለበት ቦታ ከቤት የሚለበሰው በር ላይ ይወልቃል። ማሽን አጠገብ የሚቆም ሰው የተንዠረገገ እጅጌ ይዞ ከመጣ ነገሩ የአደጋ ነው፤ ስለ ማማር ማንም አያወራም። ባንክ መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰውና የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፍ ሰው አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚባለው ለዚህ ጭምር ነው፤ ወንዙን ለማወቅ ደግሞ ለቀጠረው ክፍል ደውሎ «እዚያ ምን ይለበሳል?» ማለት ይበቃል። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ወርቁ እንመለስ፤ ዋናው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነውና። የተጨነቀች ሚስት ሳትናገር ሄዳ ሙሉ ልብስ ትገዛለች፣ ክራቫቱን ጨምራ። ማክሰኞ እሱ ያንን ለብሶ ይወጣል። ኮሌታው ያንቀዋል፣ በየደቂቃው ይጎትተዋል። ሰው ሲያነጋግረው እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ሹራቡን የለበሰ ዕለት ያልታየው ሰው በዚያ ቀን ይታያል። ልብሱ የተገዛው ለእሱ ነው፣ የመረጠው ግን እሱ አይደለም፤ ስለዚህ ገና የሰው ወርቅ ነው። አባባሉን እንዲህ ካሰፋነው ስለ ባለቤትነት ብቻ አይናገርም፤ ያልተዋሃደን ነገር ስለ መልበስም ይናገራል።

ይልቅ የሚሠራው ቀላል ነው። የሚነገረው ነገር ሁለት ቀን ቀድሞ ይነገር፤ ቁልፉን ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ምክር አይሰማም። አንድ ጊዜ ይነገር። «ዝርክርክ ነህ» ከሚለው «ከሸሚዞችህ የትኛው ይመችሃል? እሱን እንተኩሰው» የሚለው ብዙ መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ የእሱ ጉዳይ ነው፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እስኪባል መድረስ አያስፈልግም።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ድሮ ልብሱን የሚጠብቅ ሰው በቅርቡ መታጠብም መለወጥም ትቶ ከሆነ ስለ ሹራቡ መነጋገር አይረባም። ራስን መተው የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀው «ምን ሆነሃል? ደህና ነህ?» ነው።

በአባባሉ የማልስማማበት ቦታም አለ። ልብሱ የነተበው ቸግሮት ከሆነስ? ሥራ ፈትቶ የከረመ ሰው አዲስ ልብስ የሚገዛው በመጀመሪያው ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ የሚመጣው ወር ከሠራ በኋላ ነው። ለዚህ ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ጭካኔ ነው። የሰው ኮት ስንቱን ሰው ከበር አስገብቷል! የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሪቨርሳይድ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ክራቫት፣ የእጅ ቦርሳና የሰነድ ቦርሳ እንደ መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት ማዋስ ጀምሯል፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚሄዱ ታስቦ ነው። መጽሐፍ ሲዋስ ማንም የማያፍር ከሆነ ክራቫትም ያው ነው። ጉራው ከሌለበት ውሰት ውሰት ብቻ ነው፤ አባባሉ የተነጣጠረው ጉራው ላይ ነው።

እናም ሚስት የወንድሟን ኮት አምጥታ «ይቺን ሞክራት» ብትል፣ ባልየው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ እንዳይመልስላት። በአባባሉ ውስጥ ያለው «ሰው» ባዳ ነው፤ ከአንድ ባሕር ተቀዳን ካሏት ሴት ወንድም ጋር ባዳ መባባል ደግሞ ከሹራቡ የባሰ ጠብ ያመጣል። ትከሻው ከጠበበው «ጠበበኝ» ይበል።