ስለ ታመሙ የአኳሪየም ዓሦች የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

ዓሣ ሲታመም ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ እጁ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። ከበሽታው ቀድሞ ችኮላው ሲገድል አይቻለሁና ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ችግሩ ከውሃው ሊሆን አይችልም።»

ብዙ ዓሣ ያስጨረሰው እምነት ይህ ይመስለኛል። ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት በዓይን አይታዩም። አሞኒያ ራሱ ዓሣው ከሚተነፍስበት ከስንጥቡና ከበሰበሰ ምግብ ይወጣል። ማጣሪያው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ ሲያለከልክ ወይም ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ሲይዝ፣ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ውሃውን በመመርመሪያ ለኩ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ፈውሱ ውሃ መቀየር ነው።

«እንግዲያው ውሃውን በሙሉ ደፍቶ ገንዳውንም ማጣሪያውንም ማጠብ ነው።»

በፍጹም! ድንገተኛው ለውጥ የደከመውን ዓሣ ይበልጥ ያዳክመዋል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ብቻ፣ ክሎሪኑ በተወገደለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ተኩ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

«ነጩ ነጠብጣብ ጠፍቷል፤ ዓሣው ድኗል።»

እዚህ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ጨው የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን፣ ኢክ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። ከዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ሲመገብ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ይወርድና ከገንዳው ወለል ላይ ተሸፍኖ በመቶዎች ይከፋፈላል። ግልገሎቹ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ መድኃኒቱ የሚያገኛቸው ያኔ ነው። እንግዲህ ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ጠላት ለመራባት ወረደ ማለት ሊሆን ይችላልና፣ ከዚያ በኋላም ሕክምናውን ለቀናት ቀጥሉ። በማጣሪያው ውስጥ የከሰል ማጣሪያ ካለ አውጡት፤ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል። አንቲባዮቲክ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ኢክ ባክቴሪያ አይደለምና። ሙቀት መጨመር የጥገኛውን ዑደት ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ የአየር ፓምፕ አብሮ ይሥራ።

ሙቀት መጨመር ለሁሉም በሽታ ይበጃል የሚሉም አሉ። በዓሣው አፍ ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሲታይ ብዙዎች ፈንገስ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ኮለምናሪስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በሙቀት ይባባሳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊገድል ይችላል። የበሽታውን ስም ሳታውቁ ማሞቂያውን አትንኩ።

«ጨው ሁሉን ይፈውሳል።»

ጨው በናይትራይት ለተመረዘ ዓሣ በእርግጥ ይረዳል፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል። የውሃ ውስጥ ተክሎችና ቀንድ አውጣዎች ግን ይጎዱበታል። መዳብ ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይፈጃል።

«አዲሱ ዓሣ ጤነኛ ይመስላል» ብሎ በቀጥታ መቀላቀልም ስሕተት ነው። ለ4 ሳምንት ያህል በሌላ ገንዳ ይቆይ።

«የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም።»

አብዛኛው አይተላለፍም። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ ግን በእጅ ላይ ባለ ቁስል ገብቶ ለሳምንታት የማይድን እብጠት ያወጣል። እጃችሁ ከተቆረጠ ጓንት አድርጉ፤ ውሃ ለመቅዳትም ቱቦውን በአፋችሁ አትሳቡ። እንዲህ ያለ እብጠት ከወጣባችሁ አኳሪየም እንዳላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላይጠረጥረው ይችላል።