የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ምርጫ፦ ፓርቲ የሌለበት ምክር ቤት

ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ የካናዳ ሰሜናዊ ግዛት ነው። በስፋት ኢትዮጵያን ይበልጣል፤ ነዋሪው ግን 50 ሺህ እንኳ አይሞላም። ይህን ሕዝብ የሚወክሉት 19 የምክር ቤት አባላት ናቸው። ሁሉም የሚወዳደሩት በግል ነው፤ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም የለም። አሠራሩን «የመግባባት መንግሥት» ማለት ይቻላል። ጎረቤቱ ኑናቩትም የሚተዳደረው እንዲሁ ነው።

መራጩ የአካባቢውን ሰው ይመርጣል እንጂ መንግሥት አይመርጥም። ዋናው ፉክክር የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በዋና ከተማዋ በየሎውናይፍ፣ ክብ በሆነው አዳራሽ ውስጥ ነው። መሀል ወለሉ ላይ የነጭ ድብ ቆዳ ተነጥፏል። አባላቱ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። አፈ ጉባኤ ይመርጣሉ። የግዛቱ መሪ ወይም ፕሪሚየር መሆን የፈለጉት ንግግር ያደርጋሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ባልደረቦቻቸው በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ። ስድስቱን ሚኒስትሮችም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ለፕሪሚየሩ የሚቀረው ማን የትኛውን መሥሪያ ቤት ይያዝ የሚለውን መደልደል ነው።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ካቢኔው 7 ሰው ነው፤ አፈ ጉባኤውን ትተን የቀሩት ደግሞ 11። እነሱ ካበሩ መንግሥት የፈለገውን ማሳለፍ አይችልም። ፕሪሚየሩም ብድግ ብሎ ሚኒስትር አያባርርም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ፕሪሚየር ካሮላይን ኮክሬን ከአንዲት ሚኒስትር ላይ ኃላፊነቷን ቢነሡም፣ ከካቢኔ ያስወጣት ግን የምክር ቤቱ ድምፅ ነው፦ 16 ለ1።

የማይጥም ነገርም አለው። መንግሥት ያስመረረው መራጭ «እነዚህ ይውረዱ፣ እነዚያ ይምጡ» የሚልበት መንገድ የለውም። እጩው ቃል ቢገባም ከ19ኙ አንዱ ብቻ ነው።

የ2023ቱ ምርጫ ኦክቶበር 3 ሊካሄድ ታስቦ ነበር። በኦገስት ግን የሰደድ እሳት ወደ የሎውናይፍ ተጠጋ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋው የከተማዋ ሕዝብ ውጣ ተባለ። ገሚሱ በመኪና፣ ገሚሱ በአውሮፕላን ወጣ። ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ማን የምርጫ ቅስቀሳ ይሰማል? ምክር ቤቱ ሕግ አሻሽሎ ቀኑን ወደ ኖቬምበር 14 ገፋው።

ኮክሬን በድጋሚ አልተወዳደሩም። በእሳቸው ካቢኔ ሚኒስትር የነበሩት አር. ጄ. ሲምፕሰን ፕሪሚየር ሆነው የተመረጡት ዲሴምበር 7 ነው። በመሀል 23 ቀን አልፏል፤ ድምፁን የሰጠው ሕዝብ መሪው ማን እንደሚሆን ሳያውቅ።