የኮንትሮባንድ ክስና የማስረዳት ሸክም፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ቀፊራንና ታይዋንን የመሰሉ ገበያዎቿም ስማቸው ርቆ ይሰማል። ኮንትሮባንድ ሲነሳ የእኛ ከተማ አብራ መነሳቷ ግን ትንሽ ይቆረቁራል፤ ሕጋዊ ነጋዴዋም ብዙ ነው።

በአብዛኛው ወንጀል የማስረዳት ሸክሙ፣ ማለትም ክሱን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታው፣ የዐቃቤ ሕግ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 141፣ ዐቃቤ ሕግ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ሳይጠየቅ በነፃ እንዲሰናበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20(3) ተከሳሽ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይጠብቀዋል።

የጉምሩክ ክስ ላይ ግን ነገሩ ሲገለበጥ ይታያል። ዕቃው እጅህ ላይ ከተገኘ ጥያቄው «ወረቀቱ የታለ?» ነው።

አንዲት ሴት ከታይዋን ገበያ ሦስት ብርድ ልብስ ገዛች እንበል። ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ፈታሹ ማዳበሪያውን ፈታ። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጣትም። ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው በጉምሩክ በኩል መግባቱን የሚያሳየው ሰነድ)፣ ካለ፣ አስመጪው ዘንድ ነው። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው ዐቃቤ ሕግ እስኪያስረዳ ዝም ማለት ይችላል፤ እሷ ግን ዝም ካለች አለቀላት። «ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው» የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 የሚጠቀሰው እዚህ ላይ ነው። ከአስመጪው ጋር ስትተያይም እኩል አይደለችም፤ እሱ ፋይል አለው፣ እሷ ፌስታል።

ሸክሙ ወደ ተከሳሹ ይዙር የሚሉት ወገኖችም ነጥብ አላቸው። ቀረጥ መከፈሉን በቅርብ የሚያውቀው ባለዕቃው ነው፤ «አልተከፈለም» የሚለውን ማስረዳት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የተቃዋሚዎቻቸው መልስ «ዲክላራሲዮኑ ጉምሩክ ራሱ መዝገብ ውስጥ አለ» የሚል ነው። ለሞባይል ይሠራ ይሆናል፤ መለያ ቁጥር አለው። ብርድ ልብስ ግን ምን ቁጥር አለው?

ውጭ አገርም ተከራክረውበታል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረንሳይ ላይ በቀረበ የጉምሩክ ክስ፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ የሕግ ግምት (ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ሕጉ እንደ እውነት የሚወስደው ነገር) ልክ ካላለፈና ተከሳሹ የመከላከል መብት ካለው ይፈቀዳል ብሏል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በተሰረቀ ዕቃ ጉዳይ ሸክሙን ሙሉ በሙሉ ተከሳሹ ላይ መጣልን ውድቅ አደረገ፤ ጥርጣሬ የሚፈጥር ማስረጃ ማቅረብ ይበቃዋል አለ። ሚዛናዊው ይኸኛው ይመስላል።

እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያጣራው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል ፍርድ ቤት እዚሁ ችሎት አለው። ስለዚህ ባለብርድ ልብሷ የሕገ መንግሥት ጥያቄውን በዚሁ ችሎት ማንሳት ትችላለች፤ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅባትም።