የዛንዚባር «ዝናባማ ወቅት» ከኛ ክረምት ጋር ለምን አይገጥምም?

እዚህ ሱሉልታ ሐምሌ ላይ ጭቃው ቦቲ ሲያስወልቅ ያየ ሰው ሁሉ ዛንዚባርም አሁን ክረምት ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ እዛ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው (ቀዝቀዝ ያለ የተባለው በደሴት ደረጃ ነው እንጂ ጋቢ አያስፈልግም)።

እዛ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ትልቁ ማሲካ ይባላል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሚያዝያ ላይ ይብሳል፣ ያኔ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። ትንሹ ቩሊ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ፣ ዘነብ አድርጎ ፀሐይ ትወጣለች፣ እኔ ብሆን እሱን ብዬ ጉዞ አልሰርዝም።

ለምን ሁለቴ? በምድር ወገብ ዙሪያ የዝናብ ቀበቶ አለ፣ ፀሐይን እየተከተለ ሰሜንና ደቡብ ይመላለሳል፣ ዛንዚባር ደግሞ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሲወጣም ሲወርድም ይነካታል። ሰኔ አካባቢ ወደ ሰሜን ሲወጣ የኛ ክረምት ይገባል፣ እዛ ግን ኩሲ የሚሉት የደቡብ ንፋስ ይነፍስና ይደርቃል። ከታህሳስ በኋላ ቀበቶው ወደ ደቡብ አልፎ ስለሚሄድ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምስራቅ ንፋስ ይተካል፣ ሙቀቱ የሚከብደውም ያኔ ነው።

ደሴቶቹም እኩል አይደሉም፣ ፔምባ የምትባለው ደሴት ከዋናዋ ደሴት ከኡንጉጃ የበለጠ ይዘንብባታል፣ ኡንጉጃም ላይ ምዕራቡ ከምስራቁ ይረጥባል። ቡኪንግ ስታደርጉ ብቻ ወሩ የፈረንጅ ይሁን የኛ አጣሩ፣ ኤፕሪል የሚጀምረው መጋቢት 23 ነው።