ድሬዳዋ ዙሪያ ከመኪና ርቆ በብስክሌት

ድሬዳዋ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ጥላ አይጠፋም። ስለ ከተማው ውስጥ ብስክሌት ብዙ ተወርቷል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ስለሚገኘው ፒስታ፣ ስለ ደረቁ ወንዝ ዳርና ስለ ግራሩ ጫካ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። እዚህ የሚወራው ስለነዚህ መንገዶች ነው፤ መኪና ስለማይገባባቸው ወይም ከስንት አንዴ ስለሚያልፍባቸው።

በጠጠርና በአፈር መንገድ ረጅም ርቀት መንዳት በውጭው ዓለም «ግራቭል» ይባላል። ብስክሌቱ መሪው እንደ ኮርስ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ወፈር ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ካንሳስ፣ ኢምፖሪያ በምትባል ከተማ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ ውድድር ይካሄዳል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተደረገው በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ነው። ስሙ አዲስ ነው እንጂ ነገሩ ለድሬ ልጅ አዲስ አይደለም። በፎኒክስ ብስክሌት አሸዋ ሲያቋርጥ ያደገ ሰው እዚህ ሞልቷል።

የመሬቱ አቀማመጥ ቀላል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደቡብ የደንገጎ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በሰሜን የሽንሌ ሜዳ ተዘርግቷል። ከደንገጎ ወደ ድሬ የሚወርደው ውሃ በአዋሽ ተፋሰስ በኩል ወደ ሜዳው ሄዶ አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል። ከጀርባው ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ስለዚህ ዳገት የፈለገ ወደ ደቡብ፣ ሜዳ የፈለገ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ይነዳል። ወደ ሐረር የሚወጣው አስፋልት ራሱ ውብ ነው፤ ግን ከባድ መኪናና ፍጥነቱ የማይቀመስ የጫት መኪና ይበዛበታል። ለብስክሌተኛ አይሆንም።

ከሁሉም የተሻለው መንገድ የድሮውን ሐዲድ ተከትሎ የሚሄደው ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ምኒልክ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ሐረር ድረስ ማስገባት ነበር። ተራራው ግን አላስገባ አለ። ባቡር ዳገት አይወድም። ያንን ግድግዳ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪም ኩባንያው የሚችለው አልነበረም። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ጊዜው ታኅሣሥ 1895 ነበር። እዚያው ከተማ በቀለች፤ ስሟንም «አዲስ ሐረር» አሏት። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገንዘብ እጦት ፈረሰ፤ ሌላ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ ድሬ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ነበረች። ዕቃው እዚህ ይራገፋል፣ ግመሉ እዚህ ይጫናል፣ ነጋዴው እዚህ ያድራል። ወርክሾፑ፣ ጣቢያው፣ የሠራተኛው ቤትና የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ሁሉ የባቡሩ ልጆች ናቸው። የፈረንሳይኛ ቃል ጣል የሚያደርጉ አዛውንቶች ድሬ ላይ የሚገኙትም በዚሁ ሰበብ ነው።

ለብስክሌተኛው ከዚህ ሁሉ የተረፈው የተለካ መደብ ነው። መሐንዲሶቹ ድንገተኛ ዳገት እንዳይኖር ተጠንቅቀዋል፤ ሜዳው ባልተስተካከለበት ሞልተዋል፣ ጉብታውን ቆርጠዋል። በሐዲዱ መካከል ያለው ድንጋይ ትላልቅ ስለሆነ አይነዳበትም። ከጎኑ ግን እረኛና ግመል የረገጠው ጠባብ መንገድ አለ። በሰሜን ወደ ሽንሌ፣ በምዕራብ ወደ ሁርሶና ወደ ኤረር ይወስዳል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሏል። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ ስለሆነ ከእሱ መስመር መራቅ ነው።

በየመንገዱ የሚገናኙት ሰዎች ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይናገራሉ። «አካም» ወይም «ነበድ» ብሎ ሰላምታ የሰጠ ብስክሌተኛ መንገድ አይጠፋበትም።

ሌላው መንገድ ወንዙ ነው። ደቻቱ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች ይለያል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከከተማው በላይ ወደ ተራራው ሲወጣ አሸዋው ይቀንስና ጠጠር ይሆናል፤ ዳሩ ላይ ቁልቋልና ግራር አለ። አሸዋ ላይ ጎማ ጠጥሮ ከተነፋ ብስክሌቱ ይሰምጣል። ትንሽ አየር መቀነስ፣ ቀላል ማርሽ መያዝ፣ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ ያሻል። መሪውን አጥብቆ መያዝ አይረዳም፤ ላላ ሲያደርጉት መንገዱን ራሱ ያገኛል። ብስክሌቱን ታች አቁሞ በእግር የሚወጣ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ገደሉ ውስጥ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያያል። ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረ ቀይ አፈር ከዋሻው በብዛት ወጥቷል፤ ሲመዘን ወደ 40 ኪሎ ግራም ነው።

ወንዙ ግን ሁልጊዜ ደረቅ አይደለም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ላይ የዘነበው ውሃ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ተራራው ላይ ደመና የከበደ ቀን አሸዋው ውስጥ አይነዳም። በበልግና በክረምት ወራት የወንዙን ጉዞ መተው ይሻላል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ነው።

በብስክሌት ባህል ከድሬ የሚስተካከል ከተማ በአገራችን የለም ቢባል ባሕር ዳርና ሐዋሳ ቅር ይላቸው ይሆናል። አሥመራ የራሷ ታሪክ ስላላት ለብቻዋ ትታያለች። ብስክሌትን ወደ ድሬ ያመጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው የሚሉ አሉ፤ የሚያሳምን ነው። በኋላም የኮተኒ፣ ማለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ሠራተኛ በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ መንገዱን በብስክሌት ይሞላው እንደነበር ይነገራል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን በከተማው ውስጥ ብስክሌት ቀንሷል። ዳርቻው መንገድ የተፈለገውም አንድም በዚህ ነው።

የአካባቢው ዋና ጠላት እሾህ ነው። የግራር እሾህ አለ፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ እሾህ ደግሞ የባሰ ነው። ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ወፍራሙን ጎማ ሳይቀር ይበሳል። ካላማዳሪ ባለው ጎማ የሚነዳ ሰው መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያና ትንሽ መንፊያ ሳይዝ ከከተማ አይውጣ። እሾሁን ከውስጥ በጣት ዳስሶ ማውጣት አይዘንጋ፤ ጫፉ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ ማሸጊያ ፈሳሽ ማድረግ ትንንሹን ቀዳዳ ይደፍናል። ከተማው ውስጥ ጎሚስታ አይጠፋም። ከሽንሌ ወዲያ ግን ራስን መቻል ነው።

ሐረር በኩል መንገዱ ሌላ ነው። ከፍታው 1,885 ሜትር ስለሆነ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ማሳው የጫትና የማሽላ ነው። ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲወርዱ የኤረር ሸለቆ ይገኛል። ከዚያ አለፍ ሲሉ ደግሞ በዳኬታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት አስደናቂ ቦታ አለ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ሲሆን ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ውስጡ የኤረርና የጎበሌ ወንዞች ሸለቆ አለ። ዝሆን የሚዘዋወርበት ስለሆነ ያለ ጠባቂ በብስክሌት መግባት አይገባም።